ሐዘንተኛዋ ጥንቸል

ባለፈው ዓመት ለአንድ የቤተ ሰብ ጉዳይ ወደ ቡሬ ሄጄ ነበር። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆመና ወረድን። መሬቱ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠቁሯል። ሽታው አፍንጫዬ ደረሰ። ይህን ሽታ በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ አሽትቼዋለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ሌላ ሽታ አስከትሎ መጣ፤ የደረቀ ሣር፣ የጥንቸል ሽንት፣ በጥቁር ቀለም የተነከረ ቀሚስ።

ቀጥሎ ያለውን የምጽፈው በጥንቃቄ ነው። ትዝታ እንደ ልብስ ነው፤ በታጠበ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል፤ እኔም ይህን ነገር ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ከሰማሁት ለመለየት እሞክራለሁ፤ መለየት ያቃተኝንም አቃተኝ እላለሁ።

ዘመኑ መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ያልቆየ ነው። የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነበር። እናቴ እኔን በወለደች በዓመቱ ስለ ሞተች ያሳደጉኝ የአባቴ ታላቅ እኅት እትየ የሺ ናቸው። እሳቸውም አንድ ልጅ ነበራቸው፤ አዳነ። አዳነ እርሻ ተምሮ ሽንዲ በግብርና ሠራተኝነት ተመደበ፤ በዚያው በመጀመሪያው ኅዳር ወባ ቀጠፈችው። እትየ የሺ ጠጉራቸውን ተላጩ፤ በምርቃቱ ዕለት ለብሰውት የነበረውን ነጭ ቀሚስ ጥቁር ቀለም አስነክረው ለበሱ።

ከአዳነ የቀሩን ሁለት ጥንቸሎች ነበሩ። ተማሪ ሳለ በቅርጫት ይዞ ያመጣቸው ናቸው። ወንዱን፣ የቀረበለትን ጎመን ሁሉ ለብቻው ስለሚበላ፣ «ሊቀ መንበር» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ እትየ የሺ ሰው ይሰማል ብለው ስሙን «ሊቄ» ወደሚል አሳጠሩት። ሴቷ ግራጫ ነበረች፤ ጠጉሯ ስለሚለሰልስ ስሟ «ሐር» ነው። አዳነ ወደ ሽንዲ ሲሄድ ሁለቱንም ለእኔ ሰጠኝ። «እስክመለስ ያንተ ናቸው» አለኝ። ሳይመለስ ሲቀር የማን እንደሆኑ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የጎረቤት ሰው ነገራችን አይገባውም ነበር። የማይበላ፣ የማይታለብ፣ የማይጫን እንስሳ ማን ይቀልባል? የንስሓ አባታችንም ነገሩን መርምረው፣ ጥንቸል ብታመሰኳም ሰኮናዋ ያልተሰነጠቀ ስለሆነ ሥጋዋ እንደማይበላ፣ ነገር ግን ማኖሩ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ብቻ መሶብ ካለበት ቤት እንዳትገባ ፈረዱ። ስለዚህ ሁለቱ በጓሮ፣ ከሣጥን እንጨት በተሠራ ቤት ይኖሩ ነበር።

መስከረም እንደ ጠባ የሐር ማጅራት መሳሳት ጀመረ። ጠጉሯ ከጣቴ ጋር እየመጣ፣ ሥሩ ነጭ ፎረፎር ይታይ ነበር። እትየ የሺን ጠርቼ አሳየኋቸው። በርከክ ብለው የተራቆተውን ቦታ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያም ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«አየህ ልጀ» አሉኝ፤ «እሷም ተላጨች።»

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለህ? ጌታዋ ሞቶባት።»

«በሳሙና ልጠባት?»

«ተዋት። ሐዘንተኛ አይነካካም።»

ዛሬ ይህን ለሚሰማ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ከዚያ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም። የአዳነ እናት ተላጭተዋል፤ የአዳነ ጥንቸልም ተላጨች። የጨነቀኝ የራሴ ጉዳይ ነበር። እኔም አዳነን እወደው ነበርና ጠጉሬ መርገፍ ነበረበት። በየማለዳው ከግንባሬ በላይ ያለውን ጠጉር ይዤ እጎትት ነበር፤ አይመጣም። በቀብሩ ዕለት በደንብ አላለቀስኩም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትየ የሺ ተለወጡ። እስከዚያ ድረስ ጥንቸሎቹን ከሩቅ ያዩአቸው እንደሆነ እንጂ አይነኳቸውም ነበር። አሁን ግን በየከሰዓቱ ሐርን አቅፈው ከውጭ መደብ ላይ ይቀመጡና በክንዳቸው ይዘው ያወሯታል። ምን ምን ይሏት እንደነበር አልሰማሁም፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። የሰማኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ «አንችና እኔ ነን የቀረነው»። ይህችንም በእርግጥ ሰምቻት ይሁን ወይም በኋላ ገጥሜላቸው ይሁን አላውቅም።

ፎረፎሩ ወደ ሊቄም ተሻገረ። አባቴ አንድ እሑድ፣ እትየ የሺ ቅዳሴ ሄደው ሳሉ፣ ከጋራዥ በቆርቆሮ የተቃጠለ ዘይት ይዘው መጡ።

«ይኸ እከክ ነው» አሉ። «በሬዬ እንዲህ ሆኖ በዚህ ነው የዳነ።»

«እትየ ሐዘን ነው ብለዋል።»

«እትየህ ያሉትን እኔም ሰምቻለሁ። ወንዱን አምጣው፤ ጠንከር ያለው እሱ ነው። እሱ ሲድን ሐርንም እንድንቀባት ያኔ እትየህን እናሳምናቸዋለን።»

ሊቄን ከአንገቱ እስከ ወገቡ በጨርቅ ቀቡት። ጥቁርና አብረቅራቂ ሆነ። ወደ ቤቱ ስንመልሰው ተቀመጠና ራሱን ይልስ ጀመር፤ ጥንቸል እንደምታውቁት ንጽሕና ትወዳለች። ከሰዓቱን ሁሉ ላሰ። በማግስቱ ጎመን አቀረብኩለት፤ ፊቱን አዞረ። ያ በላተኛ ጎመን አልበላም ሲል ነገሩ እንዳበቃለት ገባኝ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

አባቴ ነገር የሚደብቁ ሰው አልነበሩም። «እኔ ነኝ፣ እትየ» አሏቸው። «ዘይት ቀባሁት።»

«ዘይቱ በሬህን ገደለው?»

«አልገደለም።»

«እንግዲያ ሊቄን የገደለው ሐዘኑ ነው።»

እኔ ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። ሐዘን እስከ ሞት የሚያደርስ ከሆነ ሐርም ትሞታለች፤ ጠጉራቸውን የተላጩት እትየ የሺም ይከተሏታል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ክንዴ ላይ ቀያይ ሽፍታ ወጥቶ ማሳከክ ሲጀምረኝ ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ፤ ሐዘኑ በመጨረሻ ለእኔም ደረሰኝ ብዬ። ትምህርት ቤት ግን አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ክንዴን አይቶ «እከካም» አለኝና ወደ ሌላ አግዳሚ ተዛወረ።

የአዳነ ሙት ዓመት ቀረበ። ለድግሱ የሠፈሩ ሴቶች ብቅልና ጌሾ ሊያሰናዱ ወደ ግቢያችን መጡ፤ የሚያዟቸው እትየ ጠጅቱ የተባሉ ጎረቤታችን ነበሩ። እትየ ጠጅቱ ቃላቸውን የማያለዝቡ ሴት ናቸው። ሁሉም ሥራ ላይ ሳሉ እትየ የሺ ጌሾ ለመውቀጥ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከክርናቸው በታች ክንዳቸው በሙሉ ቀልቷል፤ ያከኩበት ቦታ ቆስሏል።

«አንች የሺ» አሉ እትየ ጠጅቱ፤ «ይኸ ክንድሽ ምንድን ነው?»

«ሐዘን ነው።»

«እኔም ሁለት ቀብሬያለሁ። ሐዘን ሆድ ይበላል እንጂ ክንድ አያሳክክም።»

አንዲት ሴት ልትስቅ ብላ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ከዚያች ከጥንቸልሽ ነው የመጣ» ቀጠሉ እትየ ጠጅቱ። «እንግዲህ አትቀየሚኝ፤ በዚህ እጅ የተጠመቀ ጠላ ካህናት ፊት አይቀርብም። እኛ እንጠምቅልሻለን። አንች ተቀመጭ።»

«ለልጀ ሙት ዓመት ሌላ ሰው ሊጠምቅለት?»

«ክንድሽን አድኚና ጥመቂ። ማን ከለከለሽ?»

እትየ የሺ ሙቀጫውን ለቀው ተነሡ። በሠርጉ ያልጠመቁለት ልጅ ነው፤ የቀራቸው ይህ ድግስ ብቻ ነበር። ሴቶቹ ሲበተኑ አባቴ ወደ እሳቸው ቀርበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነገር ግን እንደ ቆረጠ ሰው ሆነው ተናገሩ።

«እትየ፣ ይበቃል። ጥንቸሏን ወንዝ ማዶ ወስጄ እለቃታለሁ። ጅብም ይብላት፣ ሌላም።»

«የአዳነን ዕቃ ለጅብ ትሰጣለህ?»

«የአዳነን እናት ሰው እንዳይጸየፋት ነው።»

«እስከ ገበያ ቀን ታገሰኝ» አሉ እትየ የሺ። ከዚያ በላይ አልለመኑም።

በማግስቱ ከሰዓት ጸሐይዋ ጠንከር ብላ ነበር። እትየ የሺ ሐርን ታቅፈው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ከጎናቸው። አያወሯትም ነበር፤ ማጅራቷን ብቻ ይዳብሷታል። ነጩ ፎረፎር ጥቁሩ ቀሚሳቸው ላይ ይረግፋል። በመዳፋቸው ሊያራግፉት ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ልጀ፣ ና እስቲ እይልኝ። ዓይኔ ነው ወይስ ይኸ ነገር ይሄዳል?»

ጎንበስ አልኩ። ከፎረፎሩ መካከል አንዲት ቅንጣት ቀስ ብላ ወደ ጉልበታቸው ትጓዛለች። የሐር ትንፋሽ የነፋት መሰለኝና ሐርን ከጭናቸው አነሣኋት፤ ቅንጣቷ አልቆመችም። የእኔ ትንፋሽ ይሆናል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ፤ አሁንም ትሄዳለች። አንዲት የሣር ዘንግ ከፊቷ አጋደምኩባት። ደረሰች፣ ቆመች፣ ዞራ አለፈች። ከኋላዋ ሌላ ነበረች። ከዚያም ሌላ።

«ይሄዳል፣ እትየ።»

«ነፍስ አለው» አሉ።

በነጭ ልብስ ላይ ቢሆን ኖሮ ማናችንም አናየውም ነበር። እኔ አንድ ትልቅ ነገር ያገኘን መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ፤ ደስታ አልነበረበትም። ሐርን ከእጄ ወስደው መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሯት፤ አሁን ግን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ጥንቸል ያዟት።

«እንግዲያ አላዘነችም» አሉ። «ተባይ ሲበላት ነው የከረመች፤ እኔ ደግሞ አትነካካት እልሃለሁ።»

ጥቂት ቆይተው ቅርጫት እንዳመጣ አዘዙኝ።

የእንስሳት ጤና ክሊኒኩ ግቢ በከብት ተሞልቶ ነበር። ገበሬዎቹ ከቅርጫቱ ረጃጅም ጆሮዎች ብቅ ሲሉ አይተው ተሳሳቁ። አንዱ «እትየ፣ ይችን ከማን ጋር ሊያጣምዷት ነው?» አለ። እትየ የሺ ዞር ሲሉ ጥቁሩን ልብስ አየና ባርኔጣውን አውልቆ መንገድ ለቀቀ። ሌሎቹም ተራቸውን ሰጡን።

ሐኪሙ በቅርብ የተመደበ ወጣት ነበር። ሐርን ባየ ጊዜ ፈገግ አላለም፤ ፈራ።

«እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ» አለ። «እኔ ጥንቸል አክሜ አላውቅም። የተማርኩት ላም፣ በሬ፣ በግና ፈረስ ነው። ስለ ጥንቸል ያነበብኩት ትንሽ ነው።»

«ያነበብከውን አድርግላት።»

ምላጩን በዘይት አርሶ ከማጅራቷ ላይ ቀስ ብሎ ፋቀ፤ የተፋቀውን በመስታወት ላይ አድርጎ ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። አቅርቦ ተመለከተ። ከዚያ እትየ የሺን እንዲያዩ ጋበዛቸው።

«ጥፍር አለው» አሉ እትየ የሺ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

«አፉ አጠገብ ነው ጥፍሩ። የዶሮ ቅንቅን ዘመድ በሉት። ከቆዳዋ ላይ ይኖራል፤ እርስዎንም ሲያቅፏት ይነክስዎታል፤ በሰው ገላ ላይ ግን አይራባም። እሷ ስትድን የእርስዎም ክንድ ይድናል።»

እኔም አየሁ። ብዙ እግር ያለው አስፈሪ ነገር እንዳየሁ ለዓመታት ስናገር ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግን ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ሳይሆን አይቀርም።

አባቴ ከኋላ ደርሰውብን ኖሯል። በሩ ላይ ቆመው «ዶክተር፣ ዘይቱ ነው ወንዱን የገደለው?» ብለው ጠየቁ።

ሐኪሙ እትየ የሺን አየና መልሱን አለዘበ። «ጥንቸል የቀቧትን ሁሉ ልሳ ትውጣለች፣ አባቴ።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አስቸጋሪው ነገር መድኃኒቱ ነበር። ያለው ለበሬ የሚሰጥ የሚወጋ አይቨርሜክቲን ብቻ ነው። ሐኪሙ ብልቃጡን ይዞ ቆመ። «ካነሰ ተባዩ አይሞትም» አለ። «ከበዛ እሷ ትሞታለች። ክብደቷን ሳላውቅ አልወጋም፤ እኛ ደግሞ ሚዛን የለንም።»

ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ሐጂ የምንላቸው ነጋዴ ሱቅ ነበራቸው። ቅርጫቱን ከባንኮኒው ላይ ስናኖር ሐጂ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«እትየ የሺ፣ እኔ በዚህ ሚዛን ስኳር ነው የምመዝነው።»

«አጥቤ እመልስልዎታለሁ።»

«ሰው ካየ ስኳሬን ማን ይገዛኛል?»

«ሐጂ፣ የአዳነ ናት» አሉ እትየ የሺ።

አዳነ በልጅነቱ ከሱቃቸው ከረሜላ ይገዛ ነበር። ሐጂ የሱቁን መዝጊያ ገርበብ አድርገው በሚዛኑ ሳሕን ላይ ንጹሕ ወረቀት አነጠፉ፤ ሐርን አስቀመጡና ብረቶቹን አንድ በአንድ መደርደር ጀመሩ።

«እንደ ልማድዎ ምራቂ እንዳይጨምሩልኝ» አሉ እትየ የሺ። «ዛሬ ምራቂው ይገድላታል።»

«እንኳን ምራቂ ትንፋሼንም ይዣለሁ» አሉ ሐጂ። እውነታቸውን ነበር፤ ሚዛኑ እስኪረጋ ማናችንም አልተነፈስንም።

ሐኪሙ የተባለውን ክብደት ሰምቶ በራሱ ሒሳብ ሠራ፤ ደግሞ ሠራ። ትንሿን መርፌ ሞላ፣ ወደ ብርሃን አነሣ፣ ከፊሉን አፈሰሰ። እትየ የሺ የማጅራቷን ቆዳ በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አነሡለት። ወጋ።

«እንቁላሉ በዚህ አይሞትም» አለን። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ይፈለፈላል፤ ያን ጊዜ ትመለሳላችሁ። ሣሯን አቃጥሉ፤ ቤቷን በፈላ ውኃ እጠቡና ጸሐይ ይምታው።»

ስንመለስ አባቴ አሮጌውን የሣጥን ቤት ከነሣሩ አቃጠሉና፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከአዲስ ጣውላ ሌላ ይቸነክሩ ጀመር። ሐር ቅርጫቱ ውስጥ ተኝታለች፤ ጆሮዎቿ ወደ ጎን ወድቀዋል። ጎመን አስጠጋሁላት፤ አልነካችም። ሊቄም እንዲህ ነበር የጀመረው። እትየ የሺ ከቅርጫቱ አጠገብ ተቀምጠው አፍንጫዋን ያያሉ፤ የጥንቸል አፍንጫ ከቆመ አብቅቷል። የአባቴ መዶሻ በየመካከሉ ጸጥ ይላል፤ እሳቸውም ወደ እኛ እንደሚያዩ አውቅ ነበር።

«ትሞታለች፣ እትየ?»

«አላውቅም ልጀ። ሐዘን ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጎመኑን እንዳስቀመጥነው አገኘነው፤ ጠውልጓል። እትየ የሺ አዲስ ቅጠል ቀጥፈው በአፍንጫዋ አጠገብ ያዙላት። ለረጅም ጊዜ ያዙላት። እጃቸው ሲዝል በሌላው ቀየሩት። በመጨረሻ የቅጠሉ ጫፍ ተንቀሳቀሰ፤ ንፋስ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ጥርሷ ሲቆርጥ ሰማሁ። አባቴ መዶሻውን መሬት ላይ አኖሩ።

ሁለተኛውን መርፌ በቀጠሮው አስወጋናት። በመካከሉ እትየ የሺ በየጥቂት ቀኑ ቀሚሳቸውን ጭናቸው ላይ ወጥረው፣ ማጅራቷን በማበጠሪያ እያበጠሩ፣ የረገፈውን በጸሐይ ያዩ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሚሄድ ነበረ። በኋላ የሚሄደው አነሰ። የእሳቸውም የእኔም ክንድ ጠራ።

እትየ ጠጅቱ ለፍርድ መጡ። የእትየ የሺን ክንድ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ገበያ ላይ ጋቢ እንደሚመረምር ሰው፣ ውስጡንም ውጭውንም እያገላበጡ አዩ።

«ጥመቂ» አሉ።

እትየ የሺም ለልጃቸው ጠመቁ። ካህናቱም ጠጡ፤ የንስሓ አባታችን አስጨመሩ።

የሙት ዓመቱ ዕለት፣ ፍትሐቱ ካበቃ በኋላ፣ ሴቶቹ እትየ የሺን ወደ ጓዳ አስገብተው ጥቁሩን አስወልቀው ነጭ አለበሷቸው። የሐዘን ልብስ ከቤት እንዲያድር አይፈለግም፤ ለነዳይ ይሰጣል። እትየ ጠጅቱ ቀሚሱን ሊያጥፉት ሲዘረጉ ከታችኛው ዘርፉ አንድ ሰፊ ቁራጭ ተቆርጦ ወጥቷል።

«ይኸ የት ሄደ?»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አሉ እትየ የሺ።

«ሐዘን አስቀረች» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። ሐዘን የሚያስቀር ሌላ ሞት ይጠራል ይባላል። አባቴ ከበሩ ሆነው «እትየ፣ ተይ እንጂ፤ ስጫቸው» አሉ።

«ለሐር ነው» አሉ እትየ የሺ።

ማንም አልገባውም። ያኔ በአዲሱ ነጭ ቀሚሳቸው በሰው መካከል አልፈው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ሴቶቹ ተከተሏቸው፣ እኔም ተከተልኩ። ከሐር አዲስ ቤት በር ላይ የሰቀሉትን ጥቁር ቁራጭ አወረዱና ጸሐይ ላይ፣ መደቡ ላይ አነጠፉት። ሐርን አወጡ። ማጅራቷ ላይ አዲስ ግራጫ ጠጉር ወጥቷል፤ አጭርና ቀጥ ብሎ የቆመ። በማበጠሪያው ደጋግመው አበጠሯት፤ አስቀመጧት፤ ጨርቁ ላይ ጎንበስ አሉ። እትየ ጠጅቱም አጠገባቸው ጎንበስ አሉ። ሁለት ራሶች ነበሩ፤ ድግስተኛው ሁሉ ከኋላ ቆሟል።

ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። በዚያ ጨርቅ ላይ ምን ይፈልጉ እንደነበር ያን ቀን አውቅ ነበር፤ አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

«ምን አለ?» አሉ እትየ ጠጅቱ፣ በዝቅታ።

እትየ የሺ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ሐርን የዳበሱበትን እጅ በራሳቸው አጭር ጠጉር ላይ አሳለፉ።

«ምንም አይሄድም» አሉ።